«የወፍ በሽታ ነው፤ መርፌ እንዳይነካው»

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። የ22 ዓመት ወንድሜ አንድ ሳምንት ያህል ትኩሳትና ማቅለሽለሽ ይዞት ከቆየ በኋላ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቁሯል። እናታችን ‹የወፍ በሽታ ነው፤ ሆስፒታል ሄዶ መርፌ ከነካው ይሞትብኛል› ብላ ሐርቡ አካባቢ ወዳሉ መድኃኒት አዋቂ ልትወስደው ነው። ሰውየው ሦስት ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣ የቅጠል ጭማቂ ይሰጣሉ፤ ብዙ ሰው አድነዋል ይባላል። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛዬም ‹ለወፍ በሽታ ሆስፒታልም መድኃኒት የለውም› አለችኝ። ታዲያ ቢሞክረው ምን ይጎዳዋል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን እስከ መጨረሻው ከማንበብሽ በፊት ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂና ደሙ ይታይ። የወባ፣ የጉበት፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ይደረግለት። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን የሚሠራ የጤና ተቋም አይጠፋም፤ ከጠፋም ሐረጎን ወጥቶ ደሴ መግባት ነው። የቀረውን ወረፋ ስትጠብቂ ታነቢዋለሽ። ወረፋው አጭር ስለማይሆን መልሴ ቢረዝም ቅር አይበልሽ።

ለጊዜው አብሽሪ። ወጣት ነው፤ መጀመሪያ ትኩሳትና ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ የዓይን ቢጫነትና የጠቆረ ሽንት መጥቷል። ይህ አካሄድ ብዙ ጊዜ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚገቡት የሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ቫይረሶች አካሄድ ነው። ከእነርሱ አንዱ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ሰውነቱ ራሱ ያሸንፈዋል፤ በዚህ ዕድሜ የማያሸንፈው ጥቂቱ ነው። ጓደኛሽ እውነት የተናገረችው እዚህ ላይ ነው። ለእነዚህ ሁለቱ በተለመደው ሕክምና የምንሰጠው ቫይረስ ገዳይ እንክብል የለንም፤ የምናደርገው መጠበቅና መከታተል ነው። ሐኪሞች ይህን አፍ አውጥተን መናገር አንወድም። አንድ ከረጢት ግሉኮስ እንሰቅላለን፣ ቫይታሚን እንጽፋለን፣ ሕመምተኛውም ሲሻለው «ግሉኮሱ አዳነኝ» ብሎ ይመርቀናል። እኛም አሜን እንላለን። በዚህ በኩል ከሐርቡው ሰውዬ የምንሻል አይደለንም፤ ስለዚህ በእሳቸው ላይ ድንጋይ ለመወርወር አልቸኩልም።

ጓደኛሽ የሳተችው «የወፍ በሽታ» የሚባል አንድ በሽታ ያለ ማስመሰሏ ነው። የለም። ያለው ቀለም ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖርና ያረጃል፤ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ጉበት ይህን ከደም እየለቀመ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል፤ የሰገራችን ቡናማ ቀለም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ደሙ ከልክ በላይ ከፈረሰ፣ ወይም ጉበቱ ከታመመ፣ ወይም የሐሞቱ መውረጃ ከተደፈነ ቢጫው መሄጃ ያጣና በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቀድሞ የሚያሳብቀውም የዓይን ነጩ ክፍል ነው። «ዓይኑ ቢጫ ሆኗል» ማለት «ከጎረቤት ጣሪያ ጢስ እየወጣ ነው» እንደማለት ነው። ቡና እየተቆላ ሊሆን ይችላል። ቤቱ እየተቃጠለም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ቆሞ በጢሱ ብቻ የሚለይ ሰው የለም፤ እኔም አልለይም፤ ለዚህ ነው ደም የምቀዳው።

ስሙ የመጣው ከሌሊት ወፍ ነው። በላዩ በርራበት፣ ጥላዋ አርፎበት ወይም ሸንታበት ነው ይባላል፤ እንደየአገሩ ይለያያል። የሰው ልጅ ድንገት ቢጫ ሲሆን ምክንያት መፈለጉ አያስገርምም። ሄፓታይተስ ኤ ከገባ በኋላ እስኪታይ ከ15 እስከ 50 ቀን ይፈጅበታል፤ ከወር በፊት የተጠጣን ውሃ ማን ያስታውሳል? ትናንት ማታ ከጣሪያ ሥር ውር ያለችውን የሌሊት ወፍ ግን ሁሉም ያስታውሳታል።

እኔም ጠጥቻለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ኩታበር፣ አያቴ ቤት። ለቀናት ስንቀጠቀጥና የበላሁትን ስመልስ ቆይቼ አንድ ቀን ዓይኔ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ተነሣሁ። አያቴ ጎህ ሳይቀድ እጄን ይዛ ከወንዙ ማዶ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወሰደችኝ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቅጠሉን በድንጋይ ወቀጡት፤ የታየ መድኃኒት አይሠራም ይባላል። በነጠላ ጫፍ አጥልለው በቆርቆሮ ጣሳ ሰጡኝ። በጣሳው ጠርዝ ላይ የቀረው አረንጓዴ አረፋ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ምሬቱ ምላስ ላይ አይቀርም፤ እስከ ጆሮ ግንድ ይዘልቃል። ገና ሳልውጠው አያቴ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። ሽታውን ዛሬ ሳስበው ስሚዛ ይመስለኛል፤ ሰንሰል የምትሉትም አላችሁ፤ ለአጥር የሚተከለው። በሦስተኛው ቀን «ቂጣ በቅቤ ስጪኝ» አልኋት። አያቴ አለቀሰች፤ ለሽማግሌው ዶሮ ተላከላቸው።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሽማግሌው ማስታወቂያ ሆኜ ኖርሁ። በመንደሩ የማንም ዓይን ቢጫ ሲሆን አያቴ እኔን ትጠራና «ይኸው፣ እዩት» ትላለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ እቆማለሁ። ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ሄፓታይተስ ኤ የሚያወራውን ምዕራፍ ባነብብ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ፦ በዚህ ሕመም ትኩሳቱና ማቅለሽለሹ የሚብሰው ቢጫው ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ቢጫው ሲወጣ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ መቅለል ይጀምራል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይመለሳል።

ይህን እባክሽ ደግመሽ አንብቢው፤ ከምነግርሽ ሁሉ ዋናው ይህ ነውና። መድኃኒት አዋቂው የሚጠራው መቼ ነው? ዓይኑ ቢጫ ሲሆን። በሽታው መመለስ የሚጀምረውስ መቼ ነው? በዚያው ሰሞን። ሽማግሌው ያን ዕለት ጠዋት ስሚዛ ቢያጠጡኝ፣ ጎመን ቢያጠጡኝ፣ ግንባሬን ዳብሰው «ሂድ፣ ተሽሎሃል» ቢሉኝ፣ በሦስተኛው ቀን ቂጣዬን መጠየቄ አይቀርም ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ አይሱዙ ኋላው ላይ እጄን አስደግፌ ብሮጥና ታች ስንደርስ «ገፍቼ ያደረስሁት እኔ ነኝ» ብል ትስቂብኛለሽ። ሽማግሌው ግን አታላይ አልነበሩም። መኪናው ሲሄድ በዓይናቸው አይተዋል፤ እጃቸውም በእርግጥ መኪናው ላይ ነበር። መቶ ጊዜ ገፍተው ዘጠና አምስት ጊዜ የሄደላቸው ሰው ጉልበቱን ቢያምን ምን ይፈረድበታል?

ጎረቤቶቻችሁ ብዙ ሰው ድኗል ማለታቸውን አልጠራጠርም፤ ድኗል። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ያልዳነው የት አለ? የዳነ ሰው ቡና ላይ ተቀምጦ ያወራል። የሞተ ሰው ለምስክርነት አይመጣም፤ ቤተሰቡም «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ይጽናናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው የክልከላ ዝርዝር ነው፤ ሥጋ እንዳይበላ፣ ቀን እንዳይተኛ፣ ጥላ እንዳይወድቅበት፣ መርፌ እንዳይነካው። ይህን ሁሉ ጠብቆ የሚከርም ሰው ስለሌለ፣ ሲሞት ሁልጊዜ የተጣሰ ነገር ይገኛል። ቢድን መድኃኒቱ የሚመሰገንበት፣ ቢሞት ሟቹ የሚወቀስበት ሕክምና መቼም ሊሸነፍ አይችልም። እኔ በበኩሌ መሸነፍ የማይችል መድኃኒት ያስፈራኛል።

መሸነፍ የሚችልበት መንገድ አለ። በምርመራ ሄፓታይተስ ኤ መሆኑ የታወቀ መቶ ሰው ይሰብሰብ፤ በዕጣ ለሁለት ይከፈል፤ ሃምሳው የሽማግሌውን ጭማቂ ይጠጣ፣ ሃምሳው መልኩና ምሬቱ የሚመስል ሌላ ነገር ይጠጣ፤ ሰጪውም ተቀባዩም የትኛው የትኛው እንደሆነ አይወቁ። ከዚያ የማን ዓይን ቶሎ ጠራ፣ ማንስ ተጎዳ ብሎ መቁጠር ነው። ለስሚዛ ይህ በሰው ላይ ተደርጎ አላየሁም። በአይጥ ላይ ግን ተሞክሯል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉበትን የሚጎዳ ኬሚካል በተሰጣቸው አይጦች ላይ የቅጠሉ ጭማቂ ጉዳቱን በመጠኑ ሲቀንስ ተመልክተዋል። ይህን የማልሸሽገው እውነት ስለሆነ ነው፤ ተስፋ ሰጪም ነው። ነገር ግን በኬሚካል የተመረዘ አይጥ በቫይረስ የታመመ ወንድምሽ አይደለም። ከዚያ እስከዚህ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ አብዛኛው ተስፋ ሰጪ ነገርም መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። እኛ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ተቀምጠን «ወባ የቆላ ነው» እንላለን፤ እናንተ ግን ቆላው ደጃፋችሁ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት የደም ሕዋሳትን እያፈረሰ፣ ሲብስም ጉበትንና ኩላሊትን እያወከ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፤ ሽንትንም ያጠቁራል። መልኩ ከወንድምሽ ገለጻ ብዙም አይርቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት ከቆላ አገር ሥራ ተመልሶ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። በቃሬዛ ሲያመጡልን ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ክንዱ ላይ ሦስት የተቃጠሉ ክብ ምልክቶች ነበሩ፤ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ በጋለ ብረት ተተኩሷል። አንደኛው ቁስል መግል ይዟል። ስሙን ስጠይቀው የእኔን ፊት እያየ ለሌላ ሰው መለሰ። የደሙ ምርመራ ወባ አለ። በደም ሥሩ አርቴሱኔት የተባለውን የወባ መድኃኒት መስጠት ስንጀምር አባቱ «መርፌ እንዳትወጉት ብዬ ነበር» እያሉ እጄን ያዙኝ። ያን ልጅ አተረፍነው፤ ኩላሊቱ ግን እስኪያገግም ሳምንታት ፈጀ። የመጀመሪያው ቀን መጥቶ ቢሆን የሦስት ቀን እንክብል ነበር።

ወባ ብቻ አይደለም። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ፣ እየተመላለሰ የሚነሣው ትኩሳት፣ ዓይን ያቢጫል። የሐሞት ጠጠር መውረጃውን ሲደፍን ያቢጫል፤ ያን ጊዜ ሰገራው እንደ ነጭ አፈር ይገረጣል፣ ሰውነት ያሳክካል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጉበትን ሲያውክም እንዲሁ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ሆዱን ሳያመው ቢጫ ቢሆንና ቢከሳ የማስበውን እዚህ ላይ ባልጽፈው እመርጣለሁ፤ ብቻ አንድም ቀን እንዳያድር። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ ሕፃንም እንደዚያው።

መርፌ ይገድላል የሚለው ነገር ከየት መጣ? እናትሽን በዚህ ላይ አትሳለቂባቸው፤ ከባዶ የመጣ አይደለም። አንደኛ፣ ሆስፒታል የሚደርሰው ቅጠሉም ብረቱም ተሞክሮ ያልሆነለት፣ አፋፍ ላይ ያለው ሰው ነው። በገባ ማግስት ሲሞት ያዩት መርፌውን ነው፤ ያለፉትን ስድስት ቀናት አይደለም። ሁለተኛ፣ በድሮ ጊዜ አንድ መርፌ ተቀቅሎ ለብዙ ሰው ይወጋ ነበር፤ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ደግሞ በደም የሚተላለፉ ናቸው። መርፌ በእርግጥ የወፍ በሽታ አስይዞ ያውቃል። ሦስተኛው የራሴ ግምት ነው። ግርሻ የያዘው ሰው ፔኒሲሊን ወይም ሌላ ፀረ ባክቴሪያ በወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተህዋሲያኑ በአንድ ጊዜ ሲረግፉ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ካልተጠበቀም ሊሞት ይችላል። ይህ በሕክምናው የታወቀ ነገር ነው። እስኪ አስቢው፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ጤና ጣቢያ ሄደ፣ ተወጋ፣ በሁለተኛው ሰዓት እየተንቀጠቀጠ ሞተ። ይህን ያዩ አያቶቻችን «ቢጫ ሰው አይወጋ» ቢሉ ሞኞች ነበሩ? አልነበሩም። ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ ከአንድ በሽታ የተማሩትን ለሁሉም ቢጫ ማድረጋቸው ነው ስሕተቱ።

ለእናትሽ የምትነግሪያቸው አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ያን ልጅ ያተረፈው አርቴሱኔት ራሱ ከቅጠል የመጣ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የአገሯን የመድኃኒት መጽሐፍ ስታነብብ፣ ለትኩሳት የሚሆነው ቅጠል በውሃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ እንደማያዝ አስተዋለች። እስከዚያ ድረስ ውጤቱ የተዛባው በሙቀት ይሆናል ብላ በቀዝቃዛ መንገድ አወጣችው፤ በእንስሳ፣ ከዚያ በራሷና በባልደረቦቿ፣ ከዚያ በሕመምተኞች ላይ ሞከረችው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። ተክሉ ከእኛው አሪቲ ጋር ወገን ነው። (ይህን ያልሁት ለወባ አሪቲ አፍልታችሁ እንድትጠጡ አይደለም፤ ወገን ነው አልሁ እንጂ እርሱ ነው አላልሁም።) እናትሽ ቅጠሉን አምነው መርፌውን የሚፈሩት፣ መርፌው ውስጥ ያለው ቅጠል መሆኑን የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ቻይና ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየና፣ እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ስለሆኑ ነገሩን እስከ መጨረሻው ተከታተለው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም፤ ተክሉ ይህ ነው፣ መጠኑ ይህ ነው፣ እናንተም ሞክሩት ብሎ ጻፈው። እኔ በቅጠልና በእንክብል መካከል አጥር አላጥርም። ለእኔ ልዩነቱ የታየና ያልታየ ነው።

እንዶድን ካነሣሁ አይቀር፣ እርሱን ለወፍ በሽታ የሚያጠጡም አሉ። ቀንድ አውጣ የሚጨርስ፣ ቆሻሻ የሚያስለቅቅ ፍሬ የሰው አንጀት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ተረኛ ሆኜ ባደርሁባቸው ሌሊቶች አይቻለሁ፤ ትውከትና ተቅማጥ ሰውየውን ያደርቁታል። «የተፈጥሮ ነው፤ ምን ይጎዳል?» ለሚለው ጥያቄሽ መልሴ ይኸው ነው። ኮሶ ለኮሶ ትል በእርግጥ ይሠራል፤ መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትግራይ ታህታይ ቆራሮ ወረዳ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ በጉበት በሽታ ሲያልቁ ቆይተው፣ ምርመራው መጨረሻ ላይ የደረሰው ከእህል ጋር ተደባልቆ የሚፈጭ አረም ላይ ነው። ማንም መርፌ አልወጋቸውም፤ የበሉት የማሳቸውን እህል ነበር። ጫትም ቢሆን ቅጠል ነው፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት አዘውትሮ ከሚቅሙት ላይ የጉበት በሽታ በዝቶ አግኝቷል። ወንድምሽ የሚቅም ከሆነ ቢያንስ እስኪድን ይተወው። አሁን ለታመመ ጉበት ስሙ የማይነገር፣ መጠኑ የማይለካ ጭማቂ መስጠት የደከመ አህያ ላይ ምን እንደያዘ የማይታወቅ ጆንያ መጨመር ነው። ቀላል ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

ሌላ የምፈራው አለ። የሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ወንድምሽ ከዚያ በፊት ተወልዷል። ይህ ቫይረስ በአዋቂነት የገባበት ሰው ከመቶው ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆነው በራሱ ያጸዳዋል። በሕፃንነቱ ከእናቱ የያዘው ግን ከመቶው ዘጠና ያህሉ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ምንም ሳያመው፣ አርባኛው ዓመት ላይ ጉበቱ ጠጥሮ ይገኛል። የቅጠል ንግዱ የደራው እዚህ ነው። «ሄፓታይተስ ቢ በ40 ቀን» የሚል ወረቀት ደሴ ፒያሳ ላይ የመብራት እንጨት ላይ ተለጥፎ አንብቤአለሁ። ሻጮቹ ማስረጃ ብለው የምርመራ ውጤት ያሳያሉ፤ ወረቀቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። አዲስ የያዘው አዋቂ በራሱ ይድናል፤ ለዓመታት ከተሸከሙትም በዓመት ከመቶ አንድ ያህሉ ያለ ምንም መድኃኒት ቫይረሱ ከደሙ ይጠፋል፤ የጉበት ኢንዛይምም ከወር ወር ወጣ ገባ ይላል። ሺህ ሰው የሚመጣለት ሻጭ የሚለጥፈው ጥሩ ወረቀት አያጣም።

ለሄፓታይተስ ቢ የሚሰጠውን ቴኖፎቪር የሚወስዱ አንዲት እናት ነበሩኝ፤ ቀን በቀን አንድ እንክብል፣ ለዓመታት በጤና ኖረዋል። እንክብሉ ቫይረሱን ያፍነዋል እንጂ አይነቅለውም፤ ይህን ነግሬአቸዋለሁ። ነቅሎ የሚጥል አገኘን ተባሉና 40 ቀኑን ለመጀመር እንክብሉን አቆሙ። የታፈነ ቫይረስ ድንገት ሲለቀቅ እንዴት እንደሚነሣ ያየ ሰው አይረሳውም። ሲመጡ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ፣ ድዳቸው እየደማ ነበር። በዘጠነኛው ቀን አረፉ። ልጃቸው ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፤ ምልክትም ስምም አልነበረውም፤ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው። እኔም ምን እንደነበረበት እስከ ዛሬ አላውቅም። እርሳቸውን የገደላቸው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሳይሆን «እንክብሉን ተዪ» የሚለው ቃል ይመስለኛል።

ስለዚህ የሐርቡው ሰውዬ «ከሐኪም መድኃኒት ጋር አይሄድም» ካሉ፣ የቅጠሉን ዓይነት ሳልጠይቅ መልሴ አይሆንም ነው። ጸበልም ሆነ ዱዓ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ አልገባበትም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ለጸበል ብለው ላቆሙ ምእመናን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ ብለው አስተምረዋል። እስላሙም አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ የሚናገረውን ሐዲስ ያውቃል። ሁለቱም ወገን ሕመምተኛ ሲያመጣልኝ ጸሎቱን አስቁሜ አላውቅም።

አሁን ወደ ቤታችሁ። ምርመራው ወባ ካለ ያኔውኑ ይታከም። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ካለ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ኑ፤ ለሲ ዛሬ በ12 ሳምንት እንክብል ከመቶው ከዘጠና አምስት በላይ የሚያድን መድኃኒት አለ፤ ቢ ከሆነ ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ተመርምሮ ነፃ የሆነው ይከተብ። ኤ ወይም ኢ ከመሰለ ይረፍ፣ የፈለገውን ይብላ። ቅባት ከጠላው አታስገድዱት፤ ሥጋ ካማረው አትከልክሉት። ብርዝ ጥሩ ነው። ቢራ ፋብሪካው ከተማችሁ ውስጥ ቢሆንም ቢራም፣ ጠጅም፣ አረቄም እስከ ሐኪሙ ፈቃድ ይቅር። ፓራሲታሞል ሐኪሙ ካለው መጠን አይለፍ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ውሃው ፈልቶ ይጠጣ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሄፓታይተስ ኢ በመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ላይ ሲወድቅ እጅግ ክፉ ነው።

እናትሽ ግን ዝም ብለው መቀመጥ አይችሉም፤ ልጃቸው እኮ ነው። ቅጠሉን ስትከለክያቸው በምትኩ ሥራ ስጪያቸው። ጠዋት ጠዋት በፀሐይ ብርሃን ዓይኑን ይዩት፤ የሽንቱንና የሰገራውን ቀለም ይጠይቁት። ቢጫው ከወጣ በኋላ ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ ሰገራው ነጭ ከሆነ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ አፍንጫው ወይም ድዱ ከደማ፣ ቀን እየተኛ ሌሊት የሚነቃ ወይም የሚዘባርቅ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጋችሁ አምጡት። ይህን ከእናት በላይ የሚያይ ነርስ አላውቅም። ማሩንም እንደ አያቴ በጣታቸው ያጉርሱት፤ እርሱን ማንም አይከለክላቸውም።

ምናልባት ይህን ስታነቢ ጭማቂውን ጠጥቶት ከሆነ ደግሞ አትደብቁን፤ ማንም አይቆጣችሁም። የቀረውን አትድፉት፣ ጠርሙሱንም አትጠቡት፤ እንዳለ ይዛችሁት ኑ።